ሦስቱን ወረቀቶች ማን ያስታርቃቸው?

ይህ ዓምድ እስከ ዛሬ ሲያስታርቅ የኖረው የተኳረፉ ፍቅረኛሞችን፣ በአማት ሰበብ የተጣሉ ባልና ሚስትን፣ አንዳንዴም በአንድ ጃኬት የተነሳ መነጋገር ያቆሙ የዶርም ጓደኛሞችን ነው። በዚህ ሳምንት የደረሰኝ ደብዳቤም "እባክህ አስታርቀኝ" ነው የሚለው። ከማን ጋር? ከወረቀት ጋር! አትሳቁ። የሂሳብ ሰዎች ሁለት ቁጥሮች አልገጥም ሲሏቸው "ሂሳቡን ማስታረቅ" ይላሉ አይደል? ነገሩ እሱ ነው። ግን ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ከቁጥሩ ኋላ አንድ ሰውዬ ቆመው አየሁ፤ ለዚህ ነው የፍቅሩን ወሬ ለዛሬ ወደ ጎን ያደረግሁት።

እስቲ እሷው ትናገር።

"ዕድሜዬ 24 ነው። በአካውንቲንግ ከኮሌጅ ተመርቄ አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ስመለስ ከከረምኩ በኋላ፣ የቤት ዕቃ በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ሠራተኛው ከእኔ ጋር 23 ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ዓረብ አገር ሄዳለች። ያስረከበችኝ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት ፋይል ነው። የመጀመሪያዬን ወር ፔሮል ሠራሁና ግብሩንና ጡረታውን ከማሳወቄ በፊት የእሷን አሠራር ልይ ብዬ ያለፈውን ወር ፋይል ከፈትኩ። ፔሮሉ ላይ 23 ሰው ፈርሟል። ለመንግሥት የተላከው ላይ ግን ያለው 22 ሰው ነው። የሥራ ግብሩ በ500 ብር፣ የጡረታው መዋጮ በ900 ብር ይጎድላል። ወደ ኋላ ሦስት ወር ደግሜ አየሁ። ያው 500፣ ያው 900!

"የቀረው ሰው የማታ ዘበኛችን ናቸው። ሲቀጠሩ ቲን ነምበር ስላልነበራቸው 'እስኪያወጡ ይቆዩ' ተብለው ነው መሰለኝ በዚያው ተረስተው ቀሩ። ከደመወዛቸው ላይ ግን በየወሩ ግብርም ጡረታም ይቆረጣል። ለባለቤቱ ስነግራቸው 'ያለፈውን ተዪው፤ ከዚህ ወር ጀምረሽ አስገቢያቸው፤ ማን ያየዋል?' አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። እምቢ ብል ያባርሩኛል ብዬ እፈራለሁ። እሺ ብል 'ያዘጋጀው' የሚለው መስመር ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሰውዬው ደግሞ ማታ ማታ ስወጣ 'እናቴ፣ በሰላም ግቢ' ብለው በሩን የሚከፍቱልኝ ሰው ናቸው። ምን ላድርግ?"

እናላችሁ... ደብዳቤውን ይዤ ትንሽ ተከዝኩ። ልዋሽ አልችልም፤ እኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው እንጂ የሂሳብ ሰው አይደለሁም። ከሒሳብ አስተማሪያችን ጋር የተለያየነው 10ኛ ክፍል ላይ ነው፤ በሰላም ነው የተለያየነው ግን። ስለዚህ ያደረግሁት ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መዝገብ ሲይዙ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ ማኪያቶ ጋበዝኳቸው።

ጋሼ ደብዳቤውን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አነበቡት። የዘበኛው ነገር ያለበትን ገጽ ሆን ብዬ አልሰጠኋቸውም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ነበር ያሳየኋቸው። ፈተና መሆኑ ነው።

"900 ለ9 ይካፈላል" አሉ መጀመሪያ።

"ቢካፈልስ?"

"ልዩነት ለ9 ከተካፈለ ሁለት ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። 5,400 ሊጽፍ አስቦ 4,500 የጻፈ ሰው 900 ይጎድለዋል። 72ን 27 ያለ ሰው 45 ይጎድለዋል። ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።" አንዴ ፉት አሉና ቀጠሉ። "ግን 500 ለ9 አይካፈልም። በየወሩ ያው ቁጥር መመለሱም ደግ አይደለም። የጣት ስህተት በየወሩ ተመሳሳይ አይመጣም። ይሄ ሰው ነው።"

ሰው ነው! በዚህች ቃል ደነገጥኩላችሁ።

ከዚያ ናፕኪን ላይ ሠሩልኝ። በግል ድርጅት ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 18 በመቶ። 900 የማን 18 በመቶ ነው? የ5,000። 5,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው ደግሞ የሥራ ግብሩ ስንት ነው? በ2017 ሐምሌ ፓርላማው ባጸደቀው አዲሱ ማስከፈያ 20 በመቶው 1,000 ብር ይሆንና 500 ይቀነስለታል። ቀሪው 500። "በል 5,000 ብር የሚበላ፣ ስሙ የጠፋ ሰው ፈልግልኝ" ብለው ናፕኪኑን ወደ እኔ ገፉት። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛውን ገጽ የሰጠኋቸው። የዘበኛው ደመወዝ? 5,000 ብር።

አያችሁ ቁጥር እንዴት እንደሚናገር? እኔማ የፖሊስ ልብ ወለድ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

አሁን እንግዲህ ወደ አስታራቂነቴ ልመለስ። እንደ ጋሼ አነጋገር በየወሩ መታረቅ ያለባቸው ሦስት ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው ሠራተኛው የሚፈርምበት ፔሮል ነው። ሁለተኛው ወደ ባንክ የሚላከው፣ ለማን ስንት ይግባለት የሚለው ዝርዝር ነው። ሦስተኛው መንታ ነው፤ ለግብር የሚታወቀውና ለጡረታ የሚታወቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት ላይ መሰላችሁ? ወረቀቶቹን ሲያስተያይ ከታች ካለው ድምር መጀመሩ ላይ ነው። ድምር አታላይ ነው፤ አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፍኖለት ሊገጥም ይችላል። መጀመሪያ ሰው ይቆጠራል። 23 ፈርሞ፣ 23 ባንክ ሄዶ፣ 22 ከታወቀ ሌላ ምርመራ ምን ያስፈልጋል? ሰው ከተቆጠረ በኋላ ስምና ቲን ነምበር አንድ በአንድ ይተያያል፤ የአያት ስም የተለወጠ፣ ቲኑ በአንድ አሃዝ የተሳሳተ፣ ሥራ የለቀቀ ግን ስሙ ያልወጣ... ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግብሩና የጡረታው መሠረት ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል፤ አለመግጠሙ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ለምሳሌ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ልጅ እንውሰድ። ግብሩ 25 በመቶው 2,250 ሆኖ 850 ሲቀነስለት 1,400 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ 630 ብር። እጁ ላይ 6,970 ብር ይገባል። ይኸው ልጅ በወሩ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሠርቶ 800 ብር ቢጨመርለት ግብሩ የሚሰላው ከ9,800 ነው፤ 1,600 ብር ይሆናል። ጡረታው ግን ያው 630 ነው። ምክንያቱም ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው እንጂ ከትርፍ ሰዓት ላይ አይደለም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሂሳቡ አልገጥም ሲለው ሌሊቱን ሙሉ ፀጉሩን ሲነጭ ያድራል። ወይም፣ ከዚህ የባሰው፣ እንዲገጥምለት ብሎ ቁጥሩን ይቀጠቅጠዋል።

ስለ ትርፍ ሰዓት ካነሳን አይቀር፣ የዚህ ገጽ አንባቢ አብዛኛው ወጣት ሠራተኛ ስለሆነ ልጨምርላችሁ። በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። የፋሲካን ቀን ሱቅ ውስጥ ውላችሁ "አንድ ሊትር ዘይት ተሰጠን" ብላችሁ የምትደሰቱ ልጆች... ሰምታችኋል?

ሌላው ጣጣ የኮምፒዩተሩ ነው። "ኤክሴሉ ራሱ ያሰላል" የሚሉት ነገር አለ። ያሰላል፤ ግን ያስተማሩትን ነው የሚያሰላው። የቀድሞውን ማስከፈያ ፎርሙላ ይዞ የቀረ ኮምፒዩተር ያንኑ የ9,000 ብር ልጅ 1,745 ብር ግብር ይቆርጠዋል። 345 ብር ብልጫ! በወር 345 ብር ማለት ለአንዳንዳችን የታክሲ ነው። ይህን ጋዜጣ አስቀምጡና የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡ። ደመወዛችሁ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ብር ከሆነ በ25 በመቶ አባዙና 850 ቀንሱ። ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ከሆነ በ20 በመቶ አባዙና 500 ቀንሱ። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ከሆነ በ15 በመቶና 300። እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ግብር የለበትም። የወጣው ቁጥር ከተቆረጠባችሁ ጋር ካልገጠመ ነገ ጠዋት ፈገግ ብላችሁ ሂሳብ ክፍል ግቡ። ፈገግታው ግዴታ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ጋር ተጣልቶ ያተረፈ የለም።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ደብዳቤ ጸሐፊዋን ስልኬ ላይ አግኝቻት "ዕድሜያቸው ስንት ነው?" ብዬ ነበር። በተቀጠሩበት ሰሞን ነው 50 የሞላቸው። ከዚያ በፊት ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ነበር የሚሠሩት፤ ጡረታ የሚባል ነገር ማንም ቆርጦላቸው አያውቅም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ማኪያቷቸውን አስቀመጡት።

"የጡረታ መውጫው 60 ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የወር ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል።"

እስቲ አብራችሁ ቁጠሩ። ከ50 እስከ 60 አስር ዓመት ነው። ሰውዬው ምንም ትርፍ ጊዜ የላቸውም። እነዚህ አራት ወራት ካልተመዘገቡ 60 ዓመታቸው ላይ በወረቀት የሚኖራቸው 9 ዓመት ከ8 ወር ነው። በየወሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚቀበሉት ገንዘብ ቀርቶ አንድ ጊዜ ቆጥረው የሚሰጧቸውን ይዘው ይሸኛሉ ማለት ነው። አለቃዋ "ያለፈውን ተዪው" ያሉት ይህንን ነው። ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል፤ ነጋዴ ሰው አራት ወር አራት ወር ብቻ ነው የሚመስለው።

እኔም ብሆን የማልፎክርበት ነገር አለኝ። የ20 ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ቦታ ተቀጥሬ ነበር። በየወሩ ፔሮል ላይ ስፈርም የማየው የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ነበር፤ ስንት እንደማገኝ። ጡረታ የሚለውን ዓምድ ሳይ "60 ዓመት ማን ሊኖር ነው" እያልኩ እስቅ ነበር። ስለቅ ነው ደመወዜ ለጡረታ የተመዘገበው ከፈረምኩበት ባነሰ ቁጥር መሆኑን ያወቅሁት። ሁለት ፔሮል ነበር፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለመንግሥት። የጡረታ አበል ሲሰላ የሚታየው የአገልግሎት ዘመንና የተመዘገበው ደመወዝ ነው። እና እኔ በወረቀት ላይ ከኖርኩት ያነስኩ ሰው ነበርኩ። ያን ጊዜ ተናድጄ ወጣሁ እንጂ አንድ መስመር እንኳ ጽፌ አላስገባሁም። አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ያንቺን ነገር ከእኔ ባይነት ይልቅ በብር እንነጋገረው። አለቃሽ ጋር በሐቅና በኩነኔ አትግቢ፤ በቁጥር ግቢ። የአራት ወሩ ግብር 2,000 ብር፣ የአራት ወሩ ጡረታ 3,600 ብር፣ ድምሩ 5,600 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 3,400ው ቀድሞውኑ ከሰውዬው ደመወዝ ላይ የተቆረጠ ነው፤ የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። አለቃሽ ከራሳቸው ድርሻ የሚያወጡት 2,200 ብር ብቻ ነው። ለሁለት ቅዳሜ ክትፎ የሚያወጡት ነው። የዘገየበት ቅጣትና ወለድ ይጨመርበታል፣ አልዋሽሽም፤ ግን እሱ በቆየ ቁጥር የሚያብጥ እንጂ የሚሟሽሽ አይደለም። ኋላ መርማሪ መጥቶ ፔሮሉንና የባንኩን ዝርዝር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ አንቺ በአንድ ከሰዓት ያየሽውን እሱም በአንድ ከሰዓት ያየዋል። "ማን ያየዋል?" ላሉት መልሱ ይኸው ነው፤ የወር ተቀጣሪ የሆነች ልጅ አይታዋለች።

ሁለተኛ፣ በቃል ብቻ አትንገሪያቸው። ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፊ። ወሮቹን፣ ሁለቱን ልዩነት፣ የሰውዬውን ደመወዝ፣ መስተካከል ያለበትን። ቀን ጻፊበት፣ ፈርሚበት፣ ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ። ሰውዬው መታወቂያቸውን ይዘው ቲን ያውጡ፤ ያለ እሱ የትም አይኬድም። ከዚያ ያለፉት ወራት በማስተካከያ እንዲገቡ ቅርንጫፉን መጠየቅ ነው። የዚህን ወር ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ቀን አታቆይው። ሕጉ ወሩ ካለቀ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል፤ እኛ አገር ግን 30 ቀን ማለት 29ኛው ቀን ማለት ሆኗል፣ ያን ቀን ሲስተሙም ሰዉም አብሮ ይጨናነቃል።

ሦስተኛውን ስል ትንሽ ይከብደኛል። እሺ ባይሉስ? በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ የሙከራ ጊዜውም እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ፍርሃትሽ የሌለ ነገር አይደለም፤ "አይዞሽ ምንም አይመጣም" ብዬ ልሸነግልሽ አልችልም። የምልሽ አንድ ነው፤ እውነት ያልሆነ ቁጥር ላይ "ያዘጋጀው" ብለሽ አትፈርሚ። ድርጅቱ ቢቀየር፣ አለቃው ቢቀየር፣ አንቺም ዱባይ ብትሄጂ ፊርማው እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነው። ከአንቺ በፊት የነበረችውም ልጅ ክፉ ሆና ሳይሆን "እስኪያወጡ" ብላ ነው ያቆየችው። ለመሆኑ ለሰውዬው ንገሪያቸው ወይስ አትንገሪያቸው? ጋሼና እኔ እዚህ ላይ ተከራከርን። እሳቸው "ባለቤቱ ይወስን፣ ቤቱን አታፍርስ" ይላሉ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ለባለቤቱ ሦስት ቀን ስጪያቸው፤ ከዚያ በላይ ግን የሰውዬውን ገንዘብ ከሰውዬው መደበቅ ነው። ራሳቸውም ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ሄደው ስማቸው መኖር አለመኖሩን መጠየቅ መብታቸው ነው። የእናንተም መብት ነው፣ አንባቢዎቼ። አምስት ዓመት ሠርታችሁ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን የማታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ረቡዕ ማታ ደወለችልኝ። ማስታወሻውን ጽፋ የአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። አነበቡት፣ ሁለቴ ገለበጡት፣ "ቅዳሜ እናወራለን" ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አልተቆጧትም፤ እሱ ራሱ አስፈርቷታል። ዘበኛው ግን በጠዋት ከሥራ ወጥተው እንቅልፍ ሳይተኙ ቲን ሊያወጡ ተሰልፈው ውለዋል። ማታ በሩን ሲከፍቱላት "እናቴ፣ አሁን ይሄ ቁጥር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" ብለው ጠየቋት። "ነገ እነግርዎታለሁ" ብላ ታክሲ ውስጥ ገባች።

የቅዳሜውን በሚቀጥለው ሳምንት አሳውቃችኋለሁ። "እጮኛዬ ደመወዙን አልነግርሽም አለኝ" ያልሽው የመገናኛዋ እህቴም ተራሽ ያኔ ነው፤ ታገሺኝ።